አገሩን የማይጠራ ጠጅ

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ እኔና አጎቴ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይተን ከባሕር ዳር በጠዋት ወጣን። ዕቅዳችን ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን አይተን ማታ መመለስ ነበር። እኔ አዲስ አበባ በአስጎብኚነት እሠራለሁ፤ ጋሼ የምላቸው አጎቴ በማንኩሳ ተወልደው ዕድሜያቸውን በግብርና ልማት ሠራተኝነት የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። መኪና ውስጥ፣ ገበሬ ግቢና ጠጅ ቤት አግዳሚ ላይ የተባባልነውን ማታውኑ ደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ። አሁን ሳወጣው ያሳጠርኩት አለ፤ የጨመርኩት ግን ነጥብና ሰረዝ ብቻ ነው።

እኔ፦ ጋሼ፣ ለምን እንዳስነሣሁዎት ልንገርዎት። ባለፈው ዝዋይ ሄጄ የወይን እርሻ ጎበኘሁ። ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ተክሎ፣ በ2014 ጠርሙሱን ገበያ ያወጣበት ቦታ ነው። ሰው ጠዋት ከአዲስ አበባ ይነሣል፣ በወይኑ መሐል ይዞራል፣ በርሜሉን ያያል፣ ይቀምሳል፣ አንድ ሁለት ጠርሙስ ይዞ ማታ ቤቱ ይገባል። እኛስ ጎጃም ላይ እንዲህ ያለ ጉዞ ብናዘጋጅ?

ጋሼ፦ ጎጃም ወይን መብቀል ጀመረ እንዴ?

እኔ፦ ወይንማ የለም። ጠጅ አለ።

ጋሼ፦ ታዲያ እንግዳሽን ምን ልታሳዪው ነው? የወይን ሐረግ ቆሞ ይታያል። የጠጅ ዛፍ የት አለ?

እኔ፦ ይኸው! ከመርዓዊ ጀምሮ ሜዳው ሁሉ ቢጫ አይደል?

ጋሼ፦ (መስኮቱን ዝቅ አድርገው) አንቺ አንድ ቢጫ ታያለሽ። ሦስት ነው። ድንበር ድንበሩን ይዞ እየጠወለገ ያለው አደይ አበባ ነው፤ የሱ ጊዜ አልቋል። እህሉ መሐል ሳይጠሩት የገባው መጭ ነው፤ ገበሬ አረም ብሎ ይነቅለዋል፣ ንብ ትሞትለታለች። ያ ሰፊው፣ ማሳውን ሞልቶ የተዘራው ኑግ ነው። ሦስቱ ከመስከረም እስከ ኅዳር እየተቀባበሉ ያብባሉ፤ የዚህ አገር ዋናው ማርም በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ለዚህ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ ሁለተኛ አለ። እሱ የዛፍ ማር ነው፤ ብሳና፣ ዶቅማ፣ ባሕር ዛፍም አለበት። መልኩም ጣዕሙም ሌላ ነው።

እኔ፦ እንግዲህ አላሉም? ቦታ አለን፣ ወቅት አለን፣ ጣዕሙ የሚለያይ ማር አለን። ለወይን አገር ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?

ጋሼ፦ ወይን።

(ሹፌሩ ሳቀ። እኔ ግን ነገሩን አልተውኩትም።)

እኔ፦ አንድ ነገር አስተውለው ያውቃሉ? ፈረንጅ ጠጅን «የማር ወይን» ይለዋል። እኛ ደግሞ የወይኑን መጠጥ «ወይን ጠጅ» አልነው። እነሱ ወይንን መለኪያ አድርገው ጠጁን በሱ ይጠሩታል፤ እኛ ጠጅን መለኪያ አድርገን ወይኑን። የመጠጡ አባት ማን እንደሆነ እያንዳንዱ በቋንቋው ወስኗል።

ጋሼ፦ ይህቺስ ጥሩ ናት። ቀለሙንም ወይን ጠጅ እንለዋለን። ቢሆንም በዚህ በኩል ወይን የሚያስፈልገው ለቁርባን ነው፤ እሱም ዘቢብ ተዘፍዝፎ ነው። ሠርግና ማኅበር የሚታሰበው በጠጅና በጠላ ነው።

እኔ፦ ወይን እኮ ወደ አገራችን የገባው ትናንት አይደለም። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ነጋዴ በግሪክኛ የጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ አለ። ወደ አዱሊስ ከሚራገፈው ዕቃ መሐል የሎዶቅያና የኢጣሊያ ወይን ይቆጥራል። ብዙ አይደለም ይላል።

ጋሼ፦ ብዙ ያልሆነው ጠጅ ስለ ነበረን ነዋ።

እኔ፦ እሱን አይልም ጋሼ።

ጋሼ፦ አይበል። እኔ እላለሁ።

(ዳንግላን አለፍን። ከአዲስ ቅዳም እስከ እንጅባራ ባለው መንገድ ግራ ቀኙ ደን ነው፤ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ። የዘንገና ሐይቅን ወርደን አየነው፤ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ጉድጓድ፣ ጥቁር አረንጓዴ ውኃ። ስለሱ ብዙ የሚጻፍ አለ፣ ለሌላ ቀን ይቆየኝ። ጥሊሊን አልፈን ቡሬ ስንገባ ፀሐይዋ ጠንክራለች።)

ጋሼ፦ ቡሬን እንደ አንድ የቡና መጠጫ አትለፊያት። መንገዱ እዚህ ይገነጠላል፤ አንዱ ዐባይን ተሻግሮ ነቀምት ይገባል። በርበሬው ከዚህ አካባቢና ከወንበርማ ቆላ ነው የሚወጣው። ጣሊያንም በ1933 ዓ.ም. የካቲት ላይ ምሽጉን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ የሸሸው ከዚህ ነው። ንጉሡ ከሱዳን በኩል ገብተው በበላያ አድርገው በዚሁ ነው የመጡት፤ አርበኛውም፣ የእንግሊዙ የዊንጌት ጦርም አብሮ። የጣሊያን ጦር በቁጥር ስንት እጥፍ ነበረ፤ ግን ተከብቤያለሁ ብሎ አሰበ።

እኔ፦ ይህንንም ጉብኝቱ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ጋሼ፦ ሁሉን አስገብተሽ እንግዳሽ መቼ ሊበላ ነው? ያንን አጥር አየሽው? የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራበት ነው። እህል ገብቶ ዱቄትና ዘይት ሆኖ ይወጣል ነው የሚሉት። ማሩ ይገባበት እንደሆነ ግን ዕድሜ ከሰጠን እናያለን።

(ቡሬ ላይ ቁርስ በልተን ወደ ማንኩሳ ቀጠልን። ጋሼ ከጥንት የሚያውቁት ገበሬ ግቢ ገባን። ከቤቱ ታዛ ሥር፣ ከሣር ክዳኑ ጥላ፣ ረዣዥም ቀፎዎች በአግድም ተደርድረዋል። አንዱ ቀርከሃ ሆኖ በጭቃና በእበት የተመረገ፤ ሌላው በሐረግ የተታታ። ትንሽ ራቅ ብሎ በእንጨት ቆጥ ላይ ቢጫ የተቀቡ ሁለት ሣጥኖች። እኔ በሩቅ ቆምኩ፤ ጋሼ እንደ ቤታቸው በመሐላቸው አለፉ።)

እኔ፦ አባባ፣ ከአንዱ ቀፎ ስንት ኪሎ ይወጣል?

አባወራው፦ ከባህላዊው አምስት፣ ስድስት። ዓመቱ ከተስማማ ስምንትም ይሆናል። ከሣጥኑ አሥራ አምስት፣ ሃያ ይወጣል ይላሉ።

እኔ፦ ይላሉ?

አባወራው፦ ንቧ ከገባችበት ነዋ! ያ ዳር ያለው ሁለቴ ተሰደደብኝ። ሰሙ ተሠርቶ የሚገጠምለት ነው፤ እሱን ከየት ላምጣው? መጭመቂያውም ለአሥር ሰው አንድ ነው። እኔ የአባቴን ቀፎ አልጣልኩም።

ጋሼ፦ ዛሬ ማታ ትቆርጣለህ?

አባወራው፦ ትናንት ጀምሬ ሁለቱን ቆርጫለሁ። ዛሬ ጨለም ሲል እቀጥላለሁ።

እኔ፦ አሁን ብንቆርጥስ? ፎቶ ላነሣ ነበር።

(ሁለቱም እኔን እንደ ልጅ አዩኝ።)

ጋሼ፦ ልጄ፣ በጠራራ ፀሐይ ቀፎ ከፍተሽ መንደሩን ልታስነድፊው ነው? ማር መቁረጥ የማታ ሥራ ነው። ንቧ ገብታ፣ ቀዝቅዛ፣ ጭሱ ሲደርሳት ወደ ኋላ ስትል ነው እጅ የሚገባው። እጩ ያለበት ይተዋል፣ የታተመው ይቆረጣል፣ ለክረምቷም ይቀመጥላታል። ይህን ሁሉ ለማየት ማደር አለብሽ።

እኔ፦ የእኔ ጉዞ እኮ የአንድ ቀን ነው።

ጋሼ፦ እሱን ለንቧ ንገሪያት።

(እመቤቲቱ ትናንት የተቆረጠውን እሸት ማር በሰሐን ከነሰሙ አቀረቡልን፣ ለማወራረጃ የዳጉሳ ጠላ። ማሩ ቢጫው ደማቅ ነው፤ መጀመሪያ የአበባ ሽታ አለው፣ ኋላ ጉሮሮን ያዝ ያደርጋል። ስለ ማር ብዙ አነባለሁ፤ አፌ ውስጥ ሰም እያኘክሁ የኑጉን ማሳ ማየት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።)

እኔ፦ እማማ፣ ጠጅ የለም?

እመቤቲቱ፦ ለልጄ ሠርግ ጥዬ ነበር። ምን የመሰለ ጠጅ! ጋኑ ሲከፈት ሰፈሩ ሸተተ።

እኔ፦ ሠርጉ መቼ ነበር?

እመቤቲቱ፦ አራት ዓመቱ።

እኔ፦ ከዚያ ወዲህስ?

እመቤቲቱ፦ (እየሳቁ) አዬ ልጄ! ማሩን ከጠጣነው ማዳበሪያውን በምን ልንገዛ ነው?

አባወራው፦ ነጋዴው ራሱ በር ድረስ ይመጣል። ይመዝናል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ለቤት የምናስቀረው ለመድኃኒትና ለእንግዳ ነው። ደግሞ እየቀነሰ ነው። ጎረቤቶቼ ጤፉን የአረም መድኃኒት ይረጩታል፤ መጩ ይደርቃል። ንቧ ውኃ ልትጠጣ ስትወርድ እዚያው ትቀራለች። አምና ከቀፎው ሥር በእፍኝ ነው የጠረግሁት።

(ጋሼ ጠላውን አስቀመጡ። ከግቢው ወጥተን መኪና ውስጥ እስክንገባ አልተናገሩም። የሚከተለውን ያሉት ወደ ፍኖተ ሰላም በግማሽ መንገድ ላይ ነው።)

ጋሼ፦ ያንን መድኃኒት መርጨት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

እኔ፦ እርስዎ?

ጋሼ፦ እኔ ነኛ። መርጫውን በጀርባዬ አዝዬ፣ በማሳው መሐል እየሄድኩ፣ «እንዲህ ነው» ብዬ አሳይቻለሁ። ምርት ጨምሯል፤ ውሸት አይደለም። ሴቶቹና ልጆቹ ከጎንበስ ቀና ብለዋል፤ አረም ነቀላ ቀላል ሥራ እንዳይመስልሽ። ግን መጭ አረም ነው ብዬ ስጽፍ፣ ሪፖርቱ ላይ «ለንብ ቀለብ» የሚባል ዓምድ አልነበረም። ጠዋት አትርጩ፣ አበባ ላይ አትርጩ፣ ንብ ከገባች በኋላ ሲመሽ እርጩ ማለት ይቻል ነበር። ያን ጊዜ አላልኩም። አሁን ነው የምለው፤ አሁን ደግሞ የሚሰማኝ ጡረተኛ ነው ይለኛል።

እኔ፦ ይህን ልጻፈው?

ጋሼ፦ ጻፊው። የሠራሁትን ነው።

(ፍኖተ ሰላም ከባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ 387። የላህ ወንዝ ዳር የተቀመጠች፣ ባጃጅ የሚርመሰመስባት፣ ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ ግን ወዲያው ጸጥ የምትል ከተማ ናት።)

ጋሼ፦ የድሮ ስሟ ወጀት ነው። ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ በዚህ አልፈው ፍኖተ ሰላም አሏት ይባላል፤ የሰላም መንገድ። አየሽ፣ ከተማ በአንድ ቀን ስም ይወጣላታል። ለማሩ ግን ማንም ስም አላወጣለትም።

እኔ፦ እኔም ልል የፈለግሁት ይህንኑ ነው! ይቆዩኝ፣ መጀመሪያ ጠጁን እንቅመስ።

(አንድ ጠጅ ቤት ገባን። ስሙን አልጠራም። አግዳሚው ጥሩ ነው፣ ብርሌው ንጹሕ ነው፣ አስተናጋጇ ፈገግታ አላት። ጠጁ ግን ቢጫነቱ ከኑግ አበባው ይብሳል። ጋሼ አንዴ ተጎንጭተው ብርሌውን አንገቱን ይዘው ወደ ብርሃኑ አነሡት።)

ጋሼ፦ ስኳር ነው።

እኔ፦ በምን አወቁ?

ጋሼ፦ ማር የገባበት ጠጅ ጣፋጩ ካለፈ በኋላ አፍሽ ላይ የሚቀር ነገር አለው። ይሄ እንደ ሻይ ጠፍቶ ይሄዳል፤ የሚቀረው ነገ ጠዋት ራስ ላይ ነው። ቀለሙም የማር አይደለም።

እኔ፦ ማሩ አሥር ኪሎ ሜትር ላይ እየተቆረጠ እዚህ በስኳር ይጣላል?

ጋሼ፦ ምን ይደንቃል? ማሩን ነጋዴው ለአዲስ አበባ ጫነው። ባለ ጠጅ ቤቷ በማር ጥላ በዚህ ዋጋ ብትሸጥ አትኖርም። ጠጪው ርካሽ ይፈልጋል። እሷን አትውቀሻት።

እኔ፦ እሺ፣ እውነተኛው እንዴት ነው የሚጣለው? ለእንግዶቼ ማስረዳት አለብኝ።

ጋሼ፦ እኔ ወንድ ነኝ፤ የማውቀው እናቴን አይቼ ነው። መጀመሪያ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ ደጋግሞ፣ እስኪጠራ። ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ይህን ያልሠራች ሴት የቀረውን ብትሠራው ከንቱ ነው። ማሩ ከነሰሙ ይገባል፤ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ። ስስ የሚወድ አራትም አምስትም ያደርገዋል። ይበረዛል፣ ይከደናል፣ ሁለት ሦስት ቀን ያድራል። ሰሙ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰፈፉ ይገፈፋል። ከዚያ ጌሾው ይመጣል። ለጠላ ቅጠሉ፣ ለጠጅ እንጨቱ ነው። ተሰንጥቆ ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶ ይፈላበታል፣ ተመልሶ ይጨመራል። ከዚያ በየቀኑ ታያታለች። ትፈላለች፣ ታጉረመርማለች፣ ዝም ትላለች። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፤ በደጋው ከዚያም በላይ። ሲደርስ ይጠለላል። የቀረው አምቡላ ነው።

እኔ፦ ሰፈፉስ?

ጋሼ፦ ይቀለጥና ሰም ይወጣዋል። ጧፍ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፤ ቀሪው ይሸጣል። አገራችን ለውጭ ገበያ የምትልከው ሰም አብዛኛው ከጠጅ ቤት ጋን ላይ የተገፈፈ እንደሆነ ታውቂያለሽ? በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚዎቹ እኛ ነን፤ ከማሩ የሚበዛው ጠጅ ሆኖ ይጠጣል፤ ባሕር የሚሻገረው ሰሙ ነው።

እኔ፦ ሰሙ ተሸጠ፣ ወርቁ ተጠጣ።

ጋሼ፦ ጎጃም ላይ ሆነሽ እንዲህ ያለ ቀላል ቅኔ አትናገሪ፤ የዋሸራ ቅኔ ቤት ይሰማሻል።

(ጠጁን ትተን ቡና አዘዝን። ሐሳቤን አሁን ልነግራቸው ቆርጫለሁ።)

እኔ፦ ልቤ ውስጥ ያለውን ይስሙኝ። ሻምፓኝ የቦታ ስም ነው። ቦርዶም የቦታ ስም ነው። ሰው ጠርሙሱን ሲያነሣ አገሩን ይጠራል። የእኛ ወይን እንኳ አዋሽ በወንዙ፣ ጉደር ከአምቦ ማዶ ባለችው ከተማ ስም ነው የሚጠራው። ጠጅ ብቻ ነው አገሩን የማይጠራው። «የቡሬ ጠጅ ስጠኝ» የሚል ሰው ሰምተው ያውቃሉ?

ጋሼ፦ አልሰማሁም። ግን ጠጅ ስም የለውም ማለት አይደለም። «የእነ እገሊት ጠጅ» ይባላል። እናቴ በሞተች በሃያ ዓመቷ የእሷን ጠጅ የሚያነሡ ሰዎች አሉ። ወይን የመሬት ነው፤ ጠጅ የእጅ ነው። ያንኑ የማንኩሳ ማር ለሁለት ሴት ስጪ፤ ሁለት ጠጅ ነው የሚሰጡሽ።

እኔ፦ እጁ ይኑር። ግን ማሩም መሬት አለው፤ ጠዋት ራስዎ ሦስት ቢጫ ቆጥረውልኛል። ነጋዴው የቡሬውን፣ የሠከላውን፣ የቆላውን በአንድ በርሜል ገለበጠው፤ አዲስ አበባ ሲደርስ «የጎጃም ማር» ሆነ፤ ከዚያም «ማር» ብቻ ሆነ። ስሙ በጠፋ ቁጥር ዋጋው ለገበሬው ይቀንሳል። የቡናውን ያስታውሱ። ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ላይ በንግድ ምልክትነት አስመዘግባለሁ ስትል ከስታርባክስ ጋር ክርክር ሆነ፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ተስማሙ። ዛሬ ውጭ አገር የቡና ከረጢት ላይ ይርጋ ጨፌ የሚል ያነባሉ። ቡሬ የሚልስ የማር ብልቃጥ ለምን አይኖርም?

ጋሼ፦ ቡና ሥር አለው፤ የበቀለበት ላይ ይገኛል። ንብ ግን ክንፍ አላት። ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዳ ትመለሳለች፣ የወረዳ ድንበር አትጠይቅም። ዛሬ ኑግ የተዘራበት ለከርሞ በቆሎ ነው፤ በቆሎ ለማር አይሆንሽም። ባሕር ዛፉ በየዓመቱ ይስፋፋል። አንቺ «የቡሬ ማር» ብለሽ የለጠፍሽበት ብልቃጥ ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ማር ነው የሚሆነው።

እኔ፦ ወይንም እኮ ዓመት በዓመት ይለያያል፤ ጠርሙሱ ላይ ዓመቱን የሚጽፉት ለዚህ ነው።

ጋሼ፦ (ዝም ብለው ቆይተው) ይህችን አላሰብኳትም። ዓመቱንና ወሩን መጻፍ። «ጥቅምት፣ የኑግና የመጭ።» ጥሩ ነው። ግን ሌላ ፍራቻ አለኝ። ስም ሲወጣ ዋጋ ይወጣል፣ ዋጋ ሲወጣ ስኳር ይገባል። ንብ ቀፎ አጠገብ ስኳር በጥብጦ ማስቀመጥ እንግዳ ነገር እንዳይመስልሽ። ዛሬ ያ ገበሬ ማሩን የማያበላሸው ለምን ይመስልሻል? ስለማያዋጣው ነው።

እኔ፦ ድህነቱ ነው የሚጠብቀው እያሉኝ ነው?

ጋሼ፦ አላልኩም። ደግሞ ብል እንኳ አንቺ ልትቀበይኝ አይገባም።

እኔ፦ አልቀበልዎትም። ድሮስ? ድሮ ገበሬው ማሩን ይጠጣው ነበር?

ጋሼ፦ የት አምጥቶ? ማር ግብር ነበር። በእንስራ ተለክቶ ለባላባቱ፣ ከዚያ ለገዥው፣ ከዚያ ለቤተ መንግሥት። ጠጅ ጣይ፣ ጠጅ አሳላፊ የሚባል ሹመትና ሥራ ነበረ። ተራው ሰው ጠላውን ይጠጣል፤ ጠጅ ቢቀምስ በግብር አዳራሽ ነው። አያቴ የቀፎ ጌታ ነበር፤ ጠጅ ግን በእንግድነት እንጂ በቤቱ አልጠጣም ይባል ነበር።

እኔ፦ እንግዲያው የዛሬዋ እማማ አዲስ ነገር አልነገሩንም። ያኔ ባላባቱ ወሰደው፤ አሁን ማዳበሪያው።

ጋሼ፦ ይህንንም ጻፊው።

እኔ፦ ጉዞውስ? ልተወው ወይስ ላዘጋጀው?

ጋሼ፦ አዘጋጂው፤ ግን አሁን በያዝሽው መልክ አይደለም። ሰው አምጥተሽ እዚህ አግዳሚ ላይ አስቀምጠሽ ስኳር ካጠጣሽው ጎጃምን ሰደብሽ። ከሰዓት አምጪው። ገበሬው ቤት ይደር፤ የመኝታውን ለእመቤቲቱ ይክፈል። ሲመሽ ራቅ ብሎ ጭሱን ይይ። ጠዋት ማሩን ከዚያው ከቀፎው ጌታ ይግዛ፤ ዋጋውን ጌታው ይናገር፤ አንቺ መሐል አትግቢ። ጌሾውን ገበያ ወርዶ ይግዛ። ከዚያ አገሩ ገብቶ ራሱ ይጣል።

እኔ፦ ሁለት ቀን ሆነ።

ጋሼ፦ ሦስት ሳምንት ነው እንጂ። መጠጡ የሚደርሰው ቤቱ ነው።

(በመመለሻችን ማንኩሳ ላይ ቆመን ስድስት ኪሎ ማር ከነሰሙ ገዛሁ። ዋጋ ሊከራከሩልኝ የጀመሩትን ጋሼን እኔ ዝም አሰኘኋቸው። እመቤቲቱ አንድ እቅፍ የጌሾ እንጨት ከጓሮ ቆርጠው ጨመሩልኝ፤ ገንዘብ ስሰጥ ተቆጡኝ። አባወራው ጭስ ማጨሻውን እያሰናዳ ነበር። ልናይ አልቻልንም፤ መኪናው የአንድ ቀን ኪራይ ነው።)

ጠጁን የጣልኩት አዲስ አበባ፣ በተከራየሁት ቤት፣ ጋን ስላልነበረኝ በፕላስቲክ በርሜል ነው። ጋሼ በስልክ እየመሩኝ፣ በርሜሉን እየረገሙ። ወይራ ከሰል ተራ አገኘሁ፤ ግራዋው ከጎረቤት አጥር ነው። ለኅዳር ጽዮን ደረሰ። በመጠኑ ኮምጥጧል፤ ግን ተጎንጭተው ከዋጡት በኋላ አፍ ላይ የሚቀር ነገር ነበረው። ለቀመሱት ሁሉ የማንኩሳ ጠጅ ነው አልኳቸው። ጋሼ ሲሰሙ «የአንቺ ጠጅ ነው» አሉ።

የጉዞውን ዕቅድ በጋሼ ምክር አስተካክዬ ጽፌው ነበር። በመጀመሪያ የዓለም ወረርሽኝ አስቆመው፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ያ መንገድ ለሽርሽር የሚወጡበት መሆኑ ቀረ። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

መንገዱ ሲከፈት የምትሄዱ አንባቢዎች፣ ጥቅምት ካጋመሰ በኋላ ሂዱ፤ አዳር ያዙ፤ ማሩን ከቀፎው ጌታ እጅ ግዙ፣ ብልቃጡ ላይም የቦታውንና የወሩን ስም ጻፉበት። ክዳኑ የሚጠብቅ ጀሪካንም አትርሱ። የእኔው ዳንግላ ላይ ፈስሶ፣ ቤንዚን ለመሙላት በቆምንበት የከተማው ንብ ሁሉ መኪናው ውስጥ ገብቶብናል።